የቱ ጋ ቆመ?

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ተብያለሁ» አለች፣ ላፕቶፑን ገና ከቦርሳዋ ሳታወጣ።

ቦታው አዲስ አበባ፣ መገናኛ ነው፤ አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ በሁለት ሞባይል ቤቶች መካከል የተሰነቀረች ጠባብ የጥገና ሱቅ። ባለሙያው ከባንኮኒው ጀርባ ጎንበስ ብለው የሌላ ሰው ማሽን ብሎን እየፈቱ ስለነበር ቀና አላሉም።

«ማነው ያለሽ?»

«ሰፈራችን ያለ ሰሪ። ሌላኛው ደግሞ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለኝ።»

«ታዲያ ፎርማት አደረገው?»

«እምቢ አልኩት ጋሼ። መመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ካቻቢቴያቸውን አስቀመጡ። «ጎበዝ። በይ አምጪው። ስትከፍቺው የቱ ጋ ነው የሚቆመው?»

ይህቺን ጥያቄ እዚያ ሱቅ ውስጥ ደጋግሜ ሰማኋት። ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ «አልነሳ አለኝ» ይላል፤ «ሞተብኝ» የሚልም አለ። ከዚያ ያለፈ ዝርዝር የሚነግራቸው ደንበኛ ጥቂት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት አንዲት መብራት እንኳ የማይበራበት አለ፤ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ የሚጨልምበት አለ፤ የአምራቹን አርማ አሳይቶ የሚደርቅ አለ፤ ዊንዶውስ ድረስ ሄዶ ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣም አለ። አራቱም «አይነሳም» ይባላሉ እንጂ ሕመማቸው አይገናኝም። ባለሙያው እጃቸውን ያፍታቱት በሬዲዮና በቴፕ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ድምፁ የት ደርሶ እንደጠፋ ሳያውቁ ካውያ አላነሳም ነበር ይላሉ።

የላፕቶፕ አነሳስ ዱላ ቅብብል ነው። ከቻርጀሩ የሚመጣው 19 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ቦርዱ ላይ ይገባል። ላፕቶፑ ጠፍቶ እንኳ ነቅቶ የሚጠብቅ አነስተኛ ተቆጣጣሪ ቺፕ አለ፤ የመክፈቻው ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙን የሚቀበለው እሱ ነው። እሱ 5 ቮልቱንና 3.3 ቮልቱን፣ ቀጥሎም የራሙንና የፕሮሰሰሩን ኃይል በየተራ ያስነሳል። ፕሮሰሰሩ ሲነቃ ባዮስ የተጻፈበትን ቺፕ ያነባል። ባዮሱ ራሙን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ይፈትሽና ዲስኩን ፈልጎ ለዊንዶውስ ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፍተሻውን በሰላም ሲጨርስ አንዲት አጭር ጢጥታ ያሰማ ነበር። የዛሬዎቹ ዝም ይላሉ፤ የሚናገሩት ሲታመሙ ብቻ ነው፣ ያውም በመብራት ብልጭታና በጢጥታ ቁጥር። ቁጥሩን ግን የሚቆጥርላቸው የለም።

ጭራሽ ምንም የማያሳይ ማሽን ሲመጣላቸው ባለሙያው ላፕቶፑን ትተው መጀመሪያ ቻርጀሩን ነው የሚቀበሉት። ጫፉን በቴስተር ይለካሉ። 19.5 ቮልት ቢያሳይም አያምኑትም፤ አስመስለው የሚሠሯቸው ቻርጀሮች ባዶአቸውን ሲለኩ ቁጥሩን ያሟላሉ፣ ላፕቶፑ ኃይል ሲጠይቃቸው ግን ይወድቃሉ። ስለዚህ ጥሩነቱን በሚያውቁት ሌላ ቻርጀር ይሞክራሉ። በዚህ ብቻ ተመርቆ የሚሄድ ደንበኛ አለ።

የዴል ክብ ጃክ መሀል ላይ ያለችውን ቀጭን መርፌ አሳዩኝ። ዋናውን ኃይል የምታስተላልፍ ትመስላለች፤ የምታስተላልፈው ግን ወሬ ነው። ቻርጀሩ የድርጅቱ መሆኑንና ስንት ዋት እንደሚሰጥ ለላፕቶፑ የምትናገር መስመር ናት። ስትጎብጥ፣ ወይም ገመዱ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲበጠስ፣ ላፕቶፑ «የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም» ብሎ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ቀንሶ ይንፏቀቃል። ባለቤቱ ባትሪ ይገዛል። አዲሱም ባትሪ አይሞላም። ከዚያ «ቦርዱ ነው» ይባላል።

ሌላም ሳይፈታ የሚሞከር ነገር አለ። ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የሚወጣ ባትሪ ከሆነ ይወጣል፣ ከዚያ የመክፈቻው ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል። ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስ መሀል መንገድ ላይ ግራ የገባው ተቆጣጣሪ ቺፕ እንደ አዲስ ይጀምራል። ባትሪያቸው ውስጥ የተቀበረ አንዳንድ ቲንክፓዶች ለዚሁ ሲባል ሆዳቸው ላይ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ የምታስገባ ቀዳዳ አላቸው። ሰዎች ይህን ሲነገራቸው ይስቃሉ። ገንዘብ ያልተከፈለበት መድኃኒት አይታመንም መሰለኝ።

ቻርጀሩም ጥሩ ሆኖ፣ ቁልፉም ተይዞ ዝም ካለ ነው ቦርዱ የሚወጣው። ያን ዕለት ጠዋት ያየሁት አንድ ቦርድ ቻርጀሩን ተክቶ ከሚሠራው የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ጋር ተገናኝቶ ነበር። የሰፕላዩ መስኮት ቦርዱ የሚስበውን አምፔር ያሳያል። ጤነኛ ቦርድ ሳይከፈት ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ይሄኛው ግን እንደተነካ ሰፕላዩን ጎትቶ አስቆመው። ሾርት ነው ማለት ነው። ባለሙያው ቮልቱን ወደ አንድ አካባቢ ዝቅ አደረጉና ቦርዱን በአልኮል አራሱት። ቦርዱ በሙሉ እያብረቀረቀ ሳለ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀድማ ደረቀች። እዚያ ላይ የተቀመጠችው ካፓሲተር ወርዷ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የሳበችውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ስለምትለውጥ አልኮሉን ከሌሎቹ በፊት አባረረችው። በሆት ኤር አነሷትና ከሌላ የተጣለ ቦርድ ላይ በተወሰደች ተኳት። «ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ሲባል አንዳንዴ ይቺ ናት» አሉ፣ በወረንጦ ይዘው እያሳዩኝ።

ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ከጨለመ ፍለጋው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ባለሙያው የሞባይል መብራት አብርተው ስክሪኑን በጎን ያዩታል። ጥላ የመሰለ ምስል ከታየ ላፕቶፑ ተነስቷል፣ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። በቪጂኤ ወይም በኤችዲኤምአይ ከሌላ ስክሪን ጋር ሲገናኝ ምስል ከመጣም ላፕቶፑ ተነስቷል ማለት ነው። ምንም ካልመጣ ተጠርጣሪው ራም ነው። አሮጌ ማሽን ላይ የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ይቆሽሻሉ፤ ነቅሎ፣ በላጲስ ጠርጎ፣ በየተራ አንድ በአንድ ሰክቶ መሞከር ብዙውን ይፈታዋል። አንዳንዴ ጥፋቱ ሰው ሠራሽ ነው። ፍጥነት ይጨምርልኛል ተብሎ የተገዛው ራም 1.5 ቮልት የሚፈልገው ዲዲአር3 ይሆንና ማሽኑ 1.35 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ይሆናል። ራሙ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ስክሪኑ ግን አይበራም።

ከጥቁር ስክሪኖች ሁሉ ባለሙያው የሚያማርሩት ግን የግራፊክስ ቺፑን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2008 ኤንቪዲያ ላፕቶፖች ውስጥ የገቡ ቺፖቹ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ የሚደክም የማሸጊያ ቁስ ነበራቸው ብሎ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወቀ። እነዚያ ማሽኖች በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ሞት ሞቱ፤ ተመሳሳይ ትንሣኤም ነበራቸው። ቺፑ ላይ ሙቀት ሲለቀቅበት የላላው መገናኛ ለጊዜው ይገናኝና ስክሪኑ ይበራል። ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ተመልሶ ይጨልማል። ይህ ዘዴ ዛሬም በየሱቁ «ተሠራ» ተብሎ ይሸጣል። ባለሙያው የሚያደርጉት ደንበኛው ፋይሉን እስኪገለብጥ ድረስ ብቻ እንደሚቆይ ተናግረው ነው። እኔም ይህን ሳይናገር ገንዘብ የሚቀበል ሰው ጠገነ አልለውም።

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ላፕቶፗ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ የወጣ ዴል ላቲትዩድ ነው፤ በቀድሞ ባለቤቶቹ እጅ ብዙ የሠራ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ ግን ጠንካራ። ተሰካ፣ ተከፈተ። አርማው ወጣ። ቀጥሎ በጥቁር ስክሪን ላይ ሰዓቱ አልተሞላም የሚል ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ልጅቷ ሳታነበው ኤፍ1ን ጠቅ አደረገች።

«ይሄን ሁልጊዜ ይላል?»

«አዎ፣ እሱ ችግር የለውም፣ ኤፍ1 ስለው ያልፋል።»

አለፈ። የዊንዶውስ ነጠብጣቦች ጥቂት ዞሩና ሰማያዊው ስክሪን መጣ፤ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ደግሞ ጀመረ።

ባለሙያው ጥያቄ አበዙ። ከመቼ ወዲህ ነው? አንዴ ተሠርቶ ያውቃል? ተሠርቶ ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ «ሴቲንግ ነው» ብሎ አስተካክሎላት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ አስተካከለ፤ በመጨረሻ የሚመላለሰው ቦርዱ ቢታመም ነው ብሎ ደመደመ። መቼ መቼ ይብስበታል? «መብራት በጠፋ ቁጥር» አለች። ዋናው ባትሪስ ይይዛል? አይይዝም፣ ካለ ቻርጀር አንድ ደቂቃ አይቆይም።

መብራት ሲጠፋ የሚለው ቃል ሁሉንም ሰው ያሳተ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚበላሸው ዕቃ ብዙ ስለሆነ፣ ሰሚው ወዲያው ቮልቴጅ መታው ብሎ ያስባል። ባለሙያው ግን ኤፍ2 ተጭነው ባዮስ ውስጥ ገቡና ቀኑን አዩት። ማሽኑ ራሱን ገና በተሠራበት ዘመን ላይ አስቀምጧል። ተማሪዋ ዊንዶውስ ላይ ይህን አይታው ታውቃለች፤ አንዳንድ ድረ ገጾች «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አንከፍትም ሲሏት የኔትወርክ ችግር መስሏት ነበር። የዓመተ ምሕረቱ ነገር አላስደነገጣትም። ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ማየት ከኛ በላይ የለመደ ሕዝብ የት አለ!

ሰዓቱን የምታስቆጥረው አንዲት ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ሲአር2032 ትባላለች። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ እስካለ ወይም ዋናው ባትሪ እስከያዘ ድረስ ሥራ የላትም። ዋናው ባትሪ ከሞተና መብራት ከጠፋ ግን ሰዓቱም፣ ባለቤቱ የለወጣቸው የባዮስ ምርጫዎችም የእሷ አደራ ናቸው። እሷም ከሞተች ባዮሱ ከፋብሪካ የወጣበትን ምርጫ ያነሳል። በዚያ ዘመን ላቲትዩዶች ላይ የዲስኩ አሠራር የፋብሪካ ምርጫ «ሬይድ» የሚባለው ነው። የተማሪዋ ዊንዶውስ ግን የተጫነው ምርጫው ወደ «ኤኤችሲአይ» ተቀይሮ ሳለ ነበር። ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ከዲስኩ ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር ነው፤ የመነጋገሪያው ስልት በጎን ሲቀየርበት ራሱ የተኛበትን ዲስክ አያየውም። ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ጽሑፉም እዚያው አለ።

ምርጫው ተመለሰ። ዊንዶውስ ተነሳ፣ ልጅቷም «እንዲህ ነው እኮ የሚሆነው፣ ነገ ይመለሳል» አለች። ባለሙያው ማሽኑን አጥፍተው የታች ሽፋኑን ፈቱ። ባትሪዋ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልላ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተሰክታለች። ቴስተሩ ሁለት ቮልት እንኳ አላገኘባትም። አዲስ ተደረገ፣ ቀኑ ተሞላ፣ ምርጫው ተመዘገበ። ከዚያ ሌላው ያላደረገውን አደረጉ፤ ቻርጀሩን ነቅለው ማሽኑን አስቀመጡትና ሌላ ሥራ ያዙ። መብራት አጠፉበት ማለት ነው። ሻይ ተጠጥቶ፣ ሌላ ደንበኛ ተሸኝቶ ሲሰካ ሰዓቱ ልክ ነበር፤ ዊንዶውስም ገባ። ፍላሽ ይዘሽ ከሆነ ጽሑፍሽን አሁኑኑ ገልብጪ አሏት፣ ገና ሂሳብ ሳትከፍል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ፎርማቱ ነው። ተማሪዋ እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ይነሳ ነበር! አዲሱ ዊንዶውስ በፋብሪካው ምርጫ ላይ ስለሚጫን ሰማያዊው ስክሪን አይመለስም፤ ፎርማት ያዘዘው ልጅም «አላልኩሽም?» ይላል፤ እሷም ታመሰግነዋለች። የዓመት ሥራዋ ጠፍቶ የቀረው የሰዓት ስሕተት ብቻ ይሆናል። አገራችን ውስጥ ፎርማት የላፕቶፕ ሁሉ ፈውስ ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ መንስኤውን ሳይነካ ብዙ ምልክት ያጠፋል፣ ጠጋኙም ተሳስቶ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ዊንዶውስ ራሱ ላይ የሚቆም ማሽን ቢሆን እንኳ ከፎርማት በፊት የሚሄድበት ረጅም መንገድ አለ። ዊንዶውስ 10 ደጋግሞ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጹን ራሱ ይከፍታል፤ ከዚያ በሴፍ ሞድ መግባት፣ በቅርቡ የተጫነውን ዝማኔ ማንሳት፣ ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስ ይቻላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ፤ ማሽኑን «ሸት ዳውን» ማለት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። ቶሎ እንዲነሳ ሲባል የሲስተሙ ዋና ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ከነበሽታው ተኝቶ ከነበሽታው ይነሳል። «ሪስታርት» ነው ንጹሕ ጅምር የሚሰጠው።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ሙከራው ሁሉ ይቁም። መርፌው እየሳተ ነውና በበራ ቁጥር ዲስኩ ላይ የቀረውንም ይጎዳል። ባለሙያው እንዲህ ያለውን ዲስክ «ቼክ ዲስክ» አድርጉልኝ የሚላቸውን አይሰሙም፤ የደከመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር እንዲሮጥ ማዘዝ ነው። ገና የሚነበብ ከሆነ ኡቡንቱ ከተጫነበት ፍላሽ ላይ ማሽኑን ያስነሱና አስፈላጊውን ቀድመው ያወጣሉ፤ ከዚያ ኤስኤስዲ ይገባል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ይህ በሽታ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ባትሪ ለላፕቶፕ የራሱ ዩፒኤስ ነበር፤ ሲሞት መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ እየጻፈ ሳለ ይቆረጣል። በዚህ ላይ አቧራውና ሙቀቱ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ አንዱ ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት፣ የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ማሽን ከማንም በፊት ብሩሽና አዲስ የሙቀት ቅባት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአሮጌ ዕቃ ይገባል ወይ የሚል ይኖራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ላፕቶፕ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 የተማሪዋን ዘመን ማሽኖች በይፋ አይቀበልም። ሌላ አገር እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ይጣላል፤ እዚህ ሊኑክስ ተጭኖበት፣ ወይም በዊንዶውስ 10 እንደቆየ፣ ገና ጥቂት ዓመት ያገለግላል። ባለሙያው የሚቆሙበት ወሰን ግን አላቸው። ውሃ ገብቶበት ቦርዱ በየንብርብሩ የዛገውን፣ ግራፊክስ ቺፑ የሞተውን፣ ባትሪው አብጦ ኪቦርዱን ወደ ላይ የገፋውን ሳይፈሩ ይመልሳሉ። ያበጠ ባትሪማ አይወጋም፣ አይታጠፍም፤ ማሽኑን ከመመለሳቸው በፊት ነቅለው ለብቻው ያስቀምጡታል።

ተማሪዋ ከሄደች በኋላ ስልካቸው ጮኸ። ደሴ ያለች መምህርት ናት፤ ኤችፒ ላፕቶፗ ጨልሞባት በአውቶቡስ ልትልክላቸው ፈልጋለች። ስልኩን ላውድ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና የያዙትን ብሎን መፍታት ቀጠሉ።

«ከመላክሽ በፊት የኔ እህት፣ ካፕስ ሎክ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ትላለች?»

«ትላለች።»

«ስንቴ ብላ ነው የምታርፈው?»

ዝምታ ሆነ። አልቆጠረችም። እስቲ አጥፍተሽ ክፈቺውና ቁጠሪ አሏት፤ ከወዲያ በኩል የቁልፉ ድምፅ ተሰማ።

«ሦስቴ። ሦስቴ ብልጭ ትልና ታርፋለች፣ ደግሞ ሦስቴ።»

«እሱ ራሙ ነው። አትላኪው። ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪውን አውጪ፣ ከታች ያለችውን ትንሿን ክዳን ፍቺ። እዚያ ቤት ላጲስ አይጠፋም መቼም።»